ሳንባችን የራሱ ዘበኛ አለው

(በኅዳር ወር በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ በሒሳብ ክፍሉና በጤና ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ትናንት ኅዳር 12 ነበር። ሁላችንም ግቢያችንን ጠርገን፣ ቆሻሻውን ከደጅ ከምረን አጥነናል። ዛሬም የብዙዎቻችን ነጠላ ጭስ ጭስ ይላል። ስለ ሳንባ፣ ስለ ጉንፋንና ስለ ጭስ ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ ቀን አናገኝም።

የንግግራችን መነሻ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ነው። በክረምቱ መውጫ ላይ አንድ ነጋዴ ወደ ማኅበራችን መጥቶ ነበር። «የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ያነቃቃል፣ ጉንፋን ወደ ሳንባ እንዳይወርድ ያደርጋል» ያለውን ሽሮፕ በጅምላ ገዝተን ለአባላት በብድር እንድናከፋፍል ጠየቀን። ብዙዎቻችን ሐሳቡን ወደድነው። የሚፈረድብንም አይደለም። የመዋጮ መዝገባችንን የገለጠ ሰው ምክንያቱን ያየዋል። ሳትከፍል በቀረች አባል ስም ትይዩ፣ በማብራሪያው ዓምድ ላይ ደጋግመን የምንጽፈው «ልጅ ታመመ»፣ «ሳል»፣ «ሐኪም ቤት ሄደች» የሚል ነው። ሳንባ ሲታመም ቁጠባ ይቋረጣል፣ ብድር ይዘገያል፣ ዶሮና በግ ያለ ጊዜው ይሸጣል።

ኮሚቴው «ሒሳቡን ሥሩልን» አለን። እኛ ደግሞ የምንገዛውን ሳናውቅ ዋጋ አንደምርም ብለን ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ተቀመጥን፤ ጠየቅን፣ አነበብን። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ያገኘነውን ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ድምፅ እንድትሰጡ እንጠይቃለን።

ከኅዳር እንጀምር። ኅዳርን የምናጥነው ለምንድን ነው? በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በፈረንጆቹ በ1918 ማለት ነው፣ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አገራችን ገብቶ አዲስ አበባን መታት። በዚያች ከተማ ብቻ እስከ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። በዓለም ዙሪያ የሞተው ደግሞ 50 ሚሊዮን ይደርሳል ይባላል። ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም በጠና ታመው ተርፈዋል። ሕዝባችን በሽታውን በወሩ ስም «የኅዳር በሽታ» አለው። መጥፎ ሽታ ያመጣው ነው ተብሎ ስለታመነ ቆሻሻ እየጠረጉ ማጠን ልማድ ሆነ፤ እስከ ዛሬም አለ።

አያቶቻችንን አንሳቅባቸው። በዚያ ዘመን የበሽታውን ምክንያት የሚያውቅ ሐኪም በዓለም ላይ አልነበረም። በሰው ላይ ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጣው ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። መጥረጉ መልካም ሥራ ነው፣ ይቀጥል። ጭሱ ግን ቫይረሱን አያባርረውም። እንዲያውም ዛሬ የምንነግራችሁ ጭስ የሚያባርረው ሌላ ነገር እንደሆነ ነው፤ የሚያባርረው የራሳችንን ዘበኛ ነው።

የትኛውን ዘበኛ? አምላክ ሳንባን ያለ ጠባቂ አልፈጠረውም። በቀን በብዙ ሺህ ጊዜ የምንስበው አየር አቧራም ተዋሲያንም ይዞ ይገባል። ሆኖም በየቀኑ አንታመምም። ምክንያቱ ስንወለድ አብሮን የተወለደ መከላከያ ስላለን ነው። ሦስቱን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው በር ላይ ነው። ከአፍንጫ ጀምሮ የአየር ቧንቧዎቻችን ግድግዳ በስስ ንፍጥ ተለብጧል። አቧራውም ተዋሲያኑም እዚያ ላይ ይጣበቃሉ። ግድግዳው ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጸጉሮች አሉ። ቀንና ሌሊት እየተወዛወዙ ንፍጡን ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። ቤት የሚጠርግ መጥረጊያ በሉት።

ሁለተኛው የጩኸት ዘበኛ ነው። ቫይረስ ከአንዱ ሕዋስ ሲገባ፣ የተጠቃው ሕዋስ ለጎረቤቶቹ የሚልከው መልእክት አለ፤ ኢንተርፌሮን ይባላል። መልእክቱ የደረሳቸው ሕዋሳት ቫይረሱ ሳይደርስባቸው በራቸውን ይዘጋሉ። ይህ የተገኘው ከዶሮ እንቁላል ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን የተባሉ ተመራማሪዎች ለንደን ውስጥ ሲሠሩ፣ በሙቀት የሞተ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ጫጩት ከያዘ እንቁላል በተወሰደ ስስ ሽፋን ላይ አደረጉ። ቀጥለው ሕያው ቫይረስ ሲጨምሩበት ሊራባ አልቻለም። ከሽፋኑ የወጣውን ፈሳሽ ወስደው በሌላ ሽፋን ላይ ሲያደርጉትም፣ ያኛውም ተጠበቀ። የሞተው ቫይረስ ዘበኛውን ቀስቅሶት ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ከሳንባ ጥልቅ፣ ከጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች ውስጥ የሚዘዋወር ሕዋስ ነው። ማክሮፌጅ ይሉታል፤ «ትልቅ በላተኛ» ማለት ነው። ያገኘውን አቧራና ተዋሲያን ይውጣል፣ ይፈጫል።

እነዚህ ሦስቱ ከክትባት ወይም ካለፈ በሽታ ከምናገኘው መከላከያ ይለያሉ። ያኛው ጠላቱን በስሙ ያውቃል፤ ግን አዲስ ጠላት ሲመጣ ተዘጋጅቶ እስኪደርስ ቀናት ይፈጅበታል። በእኛ በአዊ አገር እንደምናውቀው፣ ፈረሰኛው ተጠርቶ፣ ፈረሱን ጭኖ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ መንደሩን የሚጠብቀው ደጅ ያለው ውሻ ነው። ውሻው «ስምህ ማን ነው?» አይልም፤ እንግዳ ካየ ይጮኻል። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ መልኩን በየጊዜው የሚለዋውጥ በሽታ ነው። ክትባቱም በዚህ የተነሳ በየጊዜው ይታደሳል። መልኩን ቢለውጥም የሚጮኽበት የደጅ ዘበኛ ትልቅ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ «ዘበኛውን ቀድሞ መቀስቀስ አይቻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ነጋዴውም የሸጠልን ይህንን ተስፋ ነው። ጥያቄው የሳይንቲስቶችም ጥያቄ ነው። በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት ሂውስተን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ከባክቴሪያ የተቀመመ ፈሳሽ እንደ ጉም አድርገው አይጦች እንዲተነፍሱት አደረጉ። በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት፣ ያን የተነፈሱ አይጦች ያለዚያ የሚገድላቸውን ኢንፍሉዌንዛ ተቋቋሙ። የሳንባቸው ዘበኛ ነቅቶ ነበር። ሆኖም ንቃቱ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

በሰው ላይስ? በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢንተርፌሮንን በአፍንጫ በመርጨት ተራውን ጉንፋን ለመከላከል ተሞክሮ ነበር። በአንዳንዱ የጉንፋን ዓይነት ላይ ሠርቷል። ነገር ግን ሲደጋገም አፍንጫን ያደርቅና ያደማ ነበር። ዘበኛ ከልክ በላይ ከተቆጣ ባለቤቱንም ይነክሳል። በ1911 ዓ.ም. ከሞቱት ወጣቶች የብዙዎቹን ሳንባ የጎዳው ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን የሰውነት የራሱ ቁጣም እንደነበረ የሚያምኑ ሊቃውንት አሉ። ስለዚህ «አቅምን ማሳደግ» ሁልጊዜ መልካም ነው ማለት አይደለም። በልክ የሚቀሰቅስ፣ በልክም የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው የሚፈለገው፤ እሱም ገና በምርምር ላይ ነው።

ነጋዴው ያመጣውን ጠርሙስ ገለባብጠን አየን። ማን እንደመረመረው፣ በማን ላይ እንደተሞከረ አልተጻፈበትም። የመድኃኒት ምዝገባ ቁጥርም አላገኘንበትም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን መግባቱ ከተነገረ በኋላ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ እንዴት እንደተወደዱ ታስታውሳላችሁ። ዝንጅብሉንም ዳማከሴውንም አንከለክልም፤ ትኩስ ነገር ጉሮሮን ያለሰልሳል። ግን ሳንባን ከኢንፍሉዌንዛ የሚጠብቅ መድኃኒት ነው ብለን የአባላትን ገንዘብ አናወጣም። አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እንበል፦ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ አደገኛ ነው።

ታዲያ ዘበኛውን የሚረዳ ምንም ነገር የለም ወይ? አለ። በእጃችን ያለ አንዱ በሕፃናት ክንድ ላይ የሚሰጠው የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ ነው። ለሰው መሰጠት የጀመረው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። የተሠራው ለቲቢ ነው፤ ነገር ግን አብሮን የተወለደውን መከላከያም እንደሚያሠለጥነው ታይቷል። በምዕራብ አፍሪካ፣ በጊኒ ቢሳው፣ ዝቅተኛ ክብደት ይዘው ለተወለዱ ሕፃናት ወዲያው ሲሰጥ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ቀንሰዋል። እንዲህም ሆኖ ሁሉን ቻይ አይደለም። በአምስት አገሮች ወደ 4,000 በሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ላይ ተሞክሮ ከኮሮና እንዳላዳናቸው በ2023 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። ስለዚህ ትልልቆቻችን ቢሲጂ ፍለጋ አንሮጥም። ለአራስ ልጅ ግን «ትንሽ ይጠንክር» እያሉ ማዘግየት ጉዳት ነው።

ሁለተኛው ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው የኒሞኮካል ክትባት ነው። ኢንፍሉዌንዛ በር ላይ ያለውን መጥረጊያ ሰብሮ ያልፋል፤ ከኋላው ባክቴሪያ ይከተልና የሳንባ ምች ይሆናል። በኅዳር በሽታ ዘመን በዓለም ዙሪያ አብዛኛውን ሰው የጨረሰው ይህ ተከታይ ምች እንደነበረ ዛሬ ይታመናል። የኒሞኮካል ክትባት ከዚያ ተከታይ ዋነኛ የሆነውን ይዘጋል። ዋጋው በጤና ጣቢያ ነፃ ነው። በሒሳብ ቋንቋ፣ ወጪው ዜሮ ሆኖ ትርፉ የልጅ ሕይወት ነው።

አሁን ወደ ጭሱ እንምጣ። ከሁሉም የሚከብደን ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጭሱ የእኛው ነው።

ወጥ ቤታችንን ራሳችን «ጭስ ቤት» እንለዋለን። ስሙ ሁሉን ይናገራል። በማላዊ፣ በብላንታየር ከተማ የሚሠሩ ሐኪሞች በእንጨት ጭስ ውስጥ የሚውሉ ሰዎችን የሳንባ ማክሮፌጅ በማጉያ መነጽር አይተዋል። ያ ትልቅ በላተኛ ሆዱ በጥላሸት ተሞልቶ ነበር። ጥላሸቱ በበዛ ቁጥር ሥራው ይቀየራል፤ ተዋሲያንን የመዋጥና የመፍጨት አቅሙ ይደክማል። ጭስ መጥረጊያ የሆኑትን ጥቃቅን ጸጉሮችም ያዝላቸዋል። ሽሮፕ ፍለጋ የምንሄደው ዘበኛው ስለደከመ ነው፤ ያደከመው ግን ጠዋት ማታ ከጎኑ የምንቀመጠው እሳት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። ጭሱን ከእኛ ጋር የሚጋሩት እነሱ ናቸው፤ በጀርባችን ታዝለው፣ በጉያችን ተይዘው።

«እንግዲያው ምድጃ እንግዛ» ትሉ ይሆናል። እኛም ያልነው ይህንኑ ነበር። ግን እዚህም እውነቱን ሙሉ እንንገራችሁ። ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር ሲወጣ መራዊ አለች። እዚያ፣ በሜጫ፣ የክልላችን ተመራማሪዎች ለብዙ ቤተሰቦች የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ሰጥተው፣ ካልተሰጣቸው ጋር አነጻጽረው ልጆቻቸውን ተከታተሉ። የልጆቹ የሳንባ በሽታ በግልጽ አልቀነሰም። ለምን? እንደ እኛ ግምት፣ እንጀራው በምድጃ ቢጋገርም ወጡና ቡናው በሦስት ጉልቻ ላይ ከቀረ ጭሱ ከቤት አልወጣም። በመካከለኛው አሜሪካ በጓቲማላ ደግሞ ከ500 በላይ ቤተሰቦች በተሳተፉበት ጥናት የተሰጠው ምድጃ የጭስ ማውጫ ቧንቧ ነበረው። ልጆቹ የሚደርስባቸው ጭስ በግማሽ ቀነሰ። በ2011 እ.ኤ.አ. እንደተገለጸው የምች ቁጥር በጠቅላላው ብዙ ባይለወጥም፣ ከባዱ ምች በሲሶ ገደማ ቀንሷል።

ከሁለቱ የተማርነው ምድጃው እንጨት ቢቆጥብም የሚያድነን ጭሱ ከቤት ሲወጣ መሆኑን ነው። ምርት ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፤ ያ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጭስ ማውጫ፣ መስኮትና ለወጡም ለቡናውም የሚሆን ሌላ ምድጃ ካልታከለበት፣ ወደ ማብራሪያው ዓምድ «ሳል» ብለን መጻፋችን ይቀጥላል።

ስለ ከሰልም እንናገር፤ ብዙዎቻችን የምንኖረው በዲከረንስ ነው። ዛፉ መሬታችንን አልብሷል፣ ለልጆቻችን ደብተር ገዝቷል። ማንም ተዉት አይልም። ግን ከሰሉ ሲከስልና ጉድጓዱ ሲከፈት የሚወጣው ጭስና አመድ ከወጥ ቤቱ ይብሳል። ሕፃን አዝለን አንቅረብ። ነፋሱ ከጀርባችን እንዲሆን እንቁም። ነጠላ በአፍንጫ መሸፈን አቧራውን ይቀንስ ይሆናል፤ መርዛማውን ጋዝ ግን አያግድም። በእንጅባራ ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛትም አለ። ከሰል ጭስ የለውም ብለን እንዘናጋለን። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም፤ እንቅልፍ ላይ እያለን ይገድላል። ከመተኛታችን በፊት ከሰሉ ከቤት ይውጣ።

በመጨረሻ ዘበኛው ቢሸነፍ ምን እናድርግ? ሕመሙ ወደ ሳንባ መውረዱን የምናውቀው በአተነፋፈስ ነው። ልጁ ጸጥ ባለበት ሰዓት ልብሱን ገልጠን፣ በስልካችን ሰዓት አንድ ደቂቃ ቆጥረን እንይ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጠበልም ዳማከሴም ሳንጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። በጠበሉ እንጸልያለን፤ መንገዱን ግን አናዘግይም።

እንግዲህ የሒሳብ ክፍሉና የጤና ኮሚቴው ለድምፅ የሚያቀርበው ይህንን ነው።

አንደኛ፣ ሽሮፑን አንገዛም። ነጋዴውንም በጨዋ ደንብ አመስግነን እንሸኘዋለን።

ሁለተኛ፣ ለሽሮፑ ታስቦ የነበረው ገንዘብ «የጭስ ቤት ብድር» ይሁን። አንዲት አባል መስኮት ለመክፈት፣ የጭስ ማውጫ ለማቆም፣ ምርት ምድጃና ለወጥ የሚሆን ምድጃ ለመግዛት ትበደር፤ በ10 ወር ትመልስ። ብድሩ ለምድጃ ብቻ አይሰጥም፤ ጭሱ የሚወጣበት መንገድ መሠራቱን ሁለት ጎረቤት አባላት አይተው ይፈርሙ። ቅድሚያውን ነፍሰ ጡሮችና ሕፃን የያዙ እናቶች ይውሰዱ።

ሦስተኛ፣ በእያንዳንዷ እናት የቁጠባ ደብተር ጀርባ ላይ የልጇ ክትባት ቀን ይጻፍ። መዋጮ ልትከፍል ስትመጣ እኛ እንጠይቃታለን። ገንዘብ ከመቁጠራችን በፊት ቢሲጂና ኒሞኮካል እንቆጥራለን።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለን። መድኃኒት ልትልኩልን ስታስቡ ልባችሁን እናመሰግናለን። ግን አንድ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ ለዓመታት ከአንድ ቤት ጭስ ያስወጣል፤ አንድ ካርቶን ሽሮፕ በወር ያልቃል። መዝገባችን ክፍት ነው፤ እያንዳንዱ ብር የት እንደቆመ ታዩታላችሁ።

ተመራማሪዎቹ አንድ ቀን የሳንባን ዘበኛ በልክ የሚቀሰቅስ መድኃኒት ያገኙ ይሆናል፤ ያኔ ከዳንግላም ከእንጅባራም ተሰልፈን እንወስዳለን። እስከዚያ ድረስ አምላክ የሰጠንን ዘበኛ አናድክመው። የሚቀጥለው ዓመት ኅዳር 12 ሲመጣ ቆሻሻችንን ከደጅ እናጥናለን፤ ከቤት ውስጥ ግን ጭሱ ወጥቶ ይጠብቀን። ያን ቀን የመዋጮ መዝገቡን ገልጠን የማብራሪያውን ዓምድ አብረን እናነባለን። «ሳል» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደቀነሰ እንቁጠር፤ ካልቀነሰም ለምን እንደሆነ ተቀምጠን እንነጋገር።

አሁን እጅ ወደ ማውጣቱ እንሂድ።